ፎቶ መቁረጥ ለመልመድ፦ የስልኩ ጋለሪ ወይስ ስናፕሲድ?

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ጀማሪዎች፣ እኔ ስናፕሲድ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ አፕ ነው የምለው። ጋለሪው ፈጣን ነው፣ ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ስናፕሲድ ግን ነፃ ነው፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኔት ይሰራል፣ ደሞ ላሊበላ ወርዳችሁ ቤተ ጊዮርጊስን ከስር ወደ ላይ ስታነሱት ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል አይደል፣ ስናፕሲድ ውስጥ ፐርስፔክቲቭ የሚለው መሣሪያ እሱን ያቃናዋል፣ ይሄ በሁሉም ስልክ ጋለሪ ላይ የለም። በሁለቱም ስትቆርጡ ግን ፒክስል (ፎቶው የተሰራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይቀንሳል፣ 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ ወርዱንም ቁመቱንም ግማሽ ካደረጋችሁት ከ12 ሜጋፒክስል (12 ሚሊዮን ፒክስል) 3 ብቻ ይቀራል፣ ስለዚህ ሐይቅ ላይ ያለን ጀልባ ከሩቅ አንስቶ ከመቁረጥ ጠጋ ብሎ ማንሳት ይሻላል በእውነት። አንዳንድ ጋለሪ ኦርጅናሉን ይተካዋል፣ ስናፕሲድ ላይ ኤክስፖርት ካላችሁት ኮፒ ያወጣላችኋል።