አባቴን አራዳን ላስጎበኘችልኝ እህታችን፣ ምስጋናም ጥቆማም

አባቴ ደብረ ማርቆስ ከ30 ዓመት በላይ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። የካቲት 12ን፣ የንጉሡን ቤተ መንግሥት፣ ድንቅነሽን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፈዋል፣ ግን አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። አዲስ አበባ የሚመጡት ለሐኪም ነው፣ ቀጠሮው ሲያልቅ ይመለሳሉ።

ዘንድሮ ግን አልለቃቸውም አልኩ። መጀመሪያ የያዝነው አስጎብኚ (ማንነቱን አልጠቅስም) እየሮጠ ነው የሚያወራው፣ አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ኋላ ቀሩ፣ ግማሹን ሳይሰሙ አለቀ። በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ አንዲት ጓደኛዬ ከዚህች ልጅ ጋር አገናኘችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ተገናኘን። ገና ሰላም ስትላቸው ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች። መምህር መሆናቸውን ስትሰማ "እንግዲያው መምህር፣ የካቲት 12ን እርስዎ ይንገሩን" አለቻቸው። ትንሽ አመነቱና ጀመሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ገነተ ልዑል ግቢ (የዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ) መሆኑን፣ ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ የከተማው ሰው እንዴት እንደተጨፈጨፈ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳሉ አድርገው ተናገሩ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። እሷ አንዴም አላቋረጠቻቸውም።

ግቢው ውስጥ፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም ፊት ለፊት፣ የትም የማይደርስ ደረጃ አለ። አባቴ ይህን አያውቁም ነበር። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ብለው የሠሩት ነው፣ አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ምርኩዛቸውን ቀስረው አንድ በአንድ ቆጠሩት። 14። "ይህንን ሳላስተምር ወጣሁ" አሉ።

ውስጥ ገብተን ፎቅ በወጣን ቁጥር ወንበር ፈልጋ ታስቀምጣቸዋለች። የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ መነንን መኝታ ቤት ሲያዩ ዝም ብለው ቆዩ፣ እሷም ዝም አለች። ይሄ ዝምታዋ ነው በጣም ደስ ያለኝ።

ቀጥሎ ቁልቁል ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወረድን። የሚታየው የድንቅነሽ ቅጂ እንደሆነ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ምናምን የሚለውን እሳቸው ያውቁታል፣ እሳቸውን የያዛቸው ሌላ ነገር ነው። "በ1967 ስትገኝ እኛ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ልንወጣ ስንል ነው" አሉና ስለ ዘመቻው ማውራት ጀመሩ። ልጅቷ ደብተር አውጥታ ጻፈች! አስጎብኚ ሲናገር እንጂ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም።

ፒያሳ የምኒልክን ሐውልትና ጊዮርጊስን አይተን አድዋ ሙዚየም እንግባ ስላት "ሰፊ ነው፣ በደከመ ጉልበት አይሆንም፣ ሌላ ቀን ይምጡ" አለች። ብንገባ የሚጠቀመው የሷ ኪስ ነበር። መጨረሻ ላይም የተስማማነውን ብቻ ተቀበለች።

ወላጆቻችሁን ወይ ከውጭ የመጡ ልጆችን ማስጎብኘት የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልኳን እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ጠዋት በጊዜ ጀምሩ፣ መታወቂያም አትርሱ፣ ስድስት ኪሎ በር ላይ ይጠየቃል። እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አባቴ የአድዋውን ቀጠሮ ከሐኪሙ ቀጠሮ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ጽፈውታል።