ለሁለተኛ ስክሪን ቲቪ ይሻላል ወይስ ያገለገለ ሞኒተር?

ደሴ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ስክሪን ያየ ሁሉ «እኔስ የቤቱን ቲቪ ከላፕቶፔ ጋር ባገናኘውስ?» ይለኛል። ቲቪው ካለህ ኬብል ገዝተህ ሞክረው። ለዚህ ሥራ ብለህ ግን አዲስ ቲቪ እንዳትገዛ፤ ያገለገለ 22 ኢንች ሞኒተር ግዛና የተረፈህን ብር ኪስህ ክተት።

እኔ ከስሬ ነው ያወቅኩት። አምና 32 ኢንች ቲቪ በ19,500 ብር ገዛሁ፤ ኬብል 500፣ ማንጠልጠያ 900፣ ድምር 20,900 ብር። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» (እጅግ ብዙ ነጥብ ያለው ጥርት ያለ ምስል ማለት ነው) የሚል ተለጣፊ ነበረው። በሳምንቱ የአንድ ሽማግሌ አቤቱታ ተይቤ፣ ስክሪኑ ላይ አንብቤ፣ አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ ‹አገነሁ› የሚለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ሺፍት ሳልጫን ኘ ነ ሆናለች። ነን ከኘ፣ ተን ከቸ፣ ደን ከጀ የምትለየው አናት ላይ ያለችው ቀጭን ሰረዝ ናት፤ እሷን ቲቪው ውጧታል። ሦስት ገጽ በራሴ ወረቀት ደግሜ አተምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ርካሽ 32 ኢንች ቲቪዎች አብዛኞቹ ያላቸው 1366 በ768 የምስል ነጥብ ነው። ከላፕቶፑ 1920 በ1080 ይቀበሉና ጨፍልቀው ያሳያሉ፤ ላፕቶፑም እንደተታለለ ይቀራል። እውነተኛው 1080 እንኳ በ32 ኢንች ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 69 ነጥብ ገደማ ነው፤ በ22 ኢንች 100 ይደርሳል። ለኳስ ምንም አይደለም፣ በክንድ ርቀት ለሚያነብ ግን ዓይን ይበላል። ስለዚህ ተለጣፊውን አትመን፤ ላፕቶፕህን ሱቅ ድረስ ይዘህ ሂድና በ11 ቁጥር ፊደል «ነኘ ተቸ ደጀ» ብለህ ጽፈህ እይ። «አይነካም» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ መልሱን ሰጥቶሃል።

ሞኒተሩን ኮምቦልቻ በ5,800 አገኘሁት፣ ታክሲ ሳይቆጠር። ቪጂኤ እና ዲቪአይ የሚባሉ የቆዩ የኬብል መሰኪያዎች እንጂ እንደ ላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ የለውም። መጀመሪያ በ700 ብር የገዛሁት መቀየሪያ የምፈልገው ተቃራኒ፣ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ ሆኖ ተገኘ፤ እነዚህ ነገሮች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠሩት፣ ገልብጠህ ብትሰካ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው 850 ብር፣ ኮፒ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ እንደ ምጣድ ይግልና ስክሪኑ ይጠቁራል። መጨረሻ ላይ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ተራ ኬብል በ600 ገዛሁ። የሁለቱ የምስል ሲግናል አንድ ዓይነት ስለሆነ መሀል ላይ የሚቀይር ቺፕ አያስፈልግም፤ እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ድምፁ ከላፕቶፑ ይወጣል፣ እሱ ነው ጉድለቱ። የሞኝነቴ 1,550 ሲቀነስ 6,400 ብር ነው የፈጀብኝ።

ቲቪው ደግሞ በስምንተኛ ወሩ ድምፅ እንጂ ምስል አልሰጥም አለ። ጠጋኙ የስልኩን መብራት ስክሪኑ ላይ ቢያበራ ምስሉ ከውስጥ ድብዝዝ ብሎ ታየ። «አብሽር፣ ፓነሉ ደህና ነው፣ የሞተው ከጀርባ ያለው መብራት ነው።» ትንንሾቹ አምፖሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል ረድፉ ይጠፋል። 2,800 ብር። ቀኑን ሙሉ በሙሉ ብርሃን ነጭ ገጽ ማሳየቴ ነው የጎዳው አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ የጀርባ መብራቱን ግማሽ አድርጌዋለሁ።

ቲቪ ያለህ ሰው ዊንዶውስና ፒን ተጭነህ «ኤክስቴንድ» (ቲቪውን እንደ ተጨማሪ ስክሪን መዘርጋት) በል። ዳር ዳሩ ከተቆረጠ ቲቪው ሜኑ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚል ፈልግ። ማውሱ ከኋላህ የሚከተል ከመሰለህ «ጌም ሞድ» አድርገው። ኬብል ስትሰካም ሁለቱንም አጥፍተህ ስካ።

ቲቪ በንባብ የሚያሸንፈው እውነተኛ 43 ኢንች 4ኬ ሲሆን ነው፤ እሱ የነጥብ ጥግግቱ እንደ 22 ኢንቹ ነው። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ኤችዲኤምአይ 1.4 ስለሆነ በሴኮንድ ከ30 ምስል በላይ አይሰጠውም፣ ማውሱ ይንተባተባል።

የእኔን ቲቪ ወደ ደንበኛ አዙሬ ሰቅዬዋለሁ። ጽሑፉን 200 ፐርሰንት አጉልቼ አሳያቸዋለሁ፤ ሰርገኞች የጥሪ ካርዳቸውን ይመርጡበታል፣ ባለጉዳዮችም ስማቸውን ሳይታተም ያርሙበታል።