ካዊታ ይሻላል ወይስ ፑዌርቶ ቪዬሆ?

ሁለቱም በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ናቸው። በመሀላቸው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ያለው። ከዋና ከተማዋ ሳን ሆሴ የሚነሳው አውቶቡስ 4 ሰዓት ያህል ተጉዞ መጀመሪያ ካዊታ ይደርሳል። ምርጫው እዚያው ወንበር ላይ ይመጣል፦ ልውረድ ወይስ ልቀጥል?

ፑዌርቶ ቪዬሆ ሞቅ ያለ ነው። ማታ ሙዚቃ አለ። ሳልሳ ብራቫ የሚባለው ማዕበል ሰርፍ (በሰሌዳ ማዕበል ላይ መንሸራተት) የሚችሉትን ከሩቅ ይጠራል። ለጀማሪ ግን አይሆንም፤ ከሥሩ ስለታም የኮራል ድንጋይ ነው። ሳይክል ተከራይቶ በባሕሩ ዳር መንዳት ለማንም ይሆናል፣ መንገዱ ሜዳ ነው።

እኔ ግን ካዊታ እወርዳለሁ። ብሔራዊ ፓርኩ ከከተማዋ ጫፍ ትንሽ ድልድይ እንደተሻገራችሁ ይጀምራል። 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የእግር መንገድ በጫካና በባሕር መሀል ያልፋል። ቀና ብላችሁ በደንብ ካላያችሁ ስሎዝ የሚባለው ዛፍ ላይ የሚኖር ቀርፋፋ እንስሳ ያመልጣችኋል፤ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጆንያ ነው የሚመስለው። ምሳችሁን ደግሞ ጠብቁ። ጦጣውም ራኩን የሚባለው ትንሽ የዱር እንስሳም ቦርሳ መክፈት ያውቁበታል።

ምግቡ ሁለቱም ጋ አንድ ነው፦ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝና ቀይ ቦሎቄ። ሙያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከጃማይካ ከመጡት ሰዎች የተወረሰ ነው። ድስቱ ላይ ሙሉ ቃሪያ ጣል ያደርጋሉ። እንዳይፈነዳ ነው ጥንቃቄው። ከፈነዳ ሚጥሚጣ የለመደ አፍም ውሃ ይጠይቃል!