ኦራላችንን ላስነሱልን የኮምቦልቻው ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ አሮጌ የወታደር መኪና ግቢያችሁ ውስጥ ያቆማችሁ ሰዎች፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኚህን ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳስበው የቆየሁት ነገር ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም። ጠይቄያቸው አልፈለጉም። የሚያስፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ራሴ አገናኘዋለሁ። እኔም ሰፈራቸውም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው።

መኪናዋ ኡራል 4320 ናት። እኛ አገር ኦራል ብለን የምናውቃት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ2001 ዓ.ም. በጨረታ ነው የገዛት። እሱ ወጣትነቱን የጨረሰው ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር። ከዚያ ሁሉ መኪና በኋላ እንደ ኦራሏ የወደደው አልነበረም። አይሱዙ የማይገባበት ትገባለች። ክረምት ላይ ጭቃው ሲብስ የስድስቱንም ጎማ ነፋስ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ይቀንሳል፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ይተኛና ቀስ እያለች ትወጣለች። አስፋልት ላይ ሲደርስ መልሶ ይሞላል። ገጠር ድንጋይ አመላልሳለች፣ ቤት አሠርታለች፣ እህል አውጥታለች። እኔንና እህቴንም አስተምራናለች።

አባቴ ካረፈ በኋላ ገራዶ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ሦስት ዓመት ቆመች። እናቴ «ትሸጥ» የሚል ሰው ሲመጣ ትነሳና ወደ ጓዳ ትገባለች። አምና «እንግዲህ ትነሳ» ብለን ወሰንን።

መጀመሪያ የወሰድናት አንድ ጋራዥ ነበር። ስሙን አላነሳም። ሁለት ሳምንት አቆዩአት። የነፋስ ቱቦ ቀየሩ፣ ባትሪ ቀየሩ፣ «ፍሬኗ ተሠርቷል» አሉን። ከዚያ ዋናውን ነገሩን። የናፍጣ ፓምፑ ሞቷል፣ ነጭ ጭስ ስላላትም ሞተሩ መውረድ አለበት። የጠየቁን 140 ሺህ ብር ነው፣ ዕቃ ሳይጨምር። እናቴ ዝም አለች። እኔ «ሌላ ሰው ይያት» ብዬ እህቴን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ጀመርኩ።

የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ረጅም ነው፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ። የነፋስ መለኪያው ሙሉ ነበር። አንዱ ጥምዝ ላይ ፔዳሉን ረገጥኩ። ነፋሱ ፍስስ ሲል ሰማሁት። መኪናዋ ግን መንገዷን ቀጠለች። ደግሜ ረገጥኩ፣ ያው ነው። ደግነቱ ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ነበር የያዝኳት፤ አባቴ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይል ነበር። ሞተሩ ያዛት። እህቴ ሁለት እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ አንድ ቃል አልተናገረችም። ታች ሜዳው ላይ ስንደርስ የእጅ ፍሬኑን ስቤ ዳር አስያዝኳት። ከወረድኩ በኋላ ጉልበቴ አልቆም አለኝ።

መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ አይቶን መጣ። መኪናዋን ዞረና «እቺን የሚያውቃት እዚህ አንድ ሰው ናቸው» አለ። ደወለላቸው። እሱንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ጋሼ አመሻሽ ላይ መጡ። ምንም አልፈቱም። ከግንባሯ እስከ ጭራዋ አንዴ ዞሯት፣ ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክከው የእያንዳንዱን ጎማ የውስጥ ጎን በእጅ ባትሪ አዩ። የኋላ ግራ እግር (ጎማ) ላይ ሲደርሱ በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። «የኔ ልጅ፣ ነፋስ ብቻ ነው ያዩልህ። የእሷ ፍሬን ግማሹ ነፋስ ነው፣ ግማሹ ዘይት።»

ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢነግሩኝም ይበቃኝ ነበር። ሲኖትራክ የለመደ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦራል ላይ ነፋሱ በቀጥታ እግሩን አያስይዝም። ነፋሱ ሲሊንደር ይገፋል፣ ያ ደግሞ የፍሬን ዘይቱን ወደ እግሮቹ ይገፋል። ስለዚህ መለኪያው ሙሉ ነፋስ እያሳየህ ፍሬን ላይኖርህ ይችላል። የኛዋ የአንዱ እግር ሲሊንደር ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው የላስቲክ ማሸጊያ) ሦስት ዓመት ሲቆም ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ዘይቱ ታምቡሩ ውስጥ ሲፈስ ነው የከረመው። የፍሬኑ ሸራም ዘይት ጠጥቶ ነበር። የእጅ ፍሬኑም ቢሆን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ኃይል የሚያስተላልፈውን ሻፍት ነው። ለቆመ መኪና እንጂ እየሄደች ላለች መኪና አልተሠራም። «ሐረጎ ላይ አለመሳብህ ጥሩ ነው» አሉኝ።

እኔ ስለ ሞተሩ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «መቆም የማትችል መኪና ለምን ትነሳለች? መጀመሪያ ፍሬን።» ሁለት ቀን ጎሚስታው ግቢ ውስጥ ሠሩ። አንዱን እግር ብቻ አይደለም፤ ስድስቱንም ከፍተው አዩ፣ ጎሚኒውን በሙሉ ቀየሩ። በክሪክ ብቻ ተነስታ ማንም ሰው ሥሯ እንዲገባ አልፈቀዱም። መጀመሪያ ወፍራም ግንድ ከሥር ይገባል፣ ቀሪዎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፣ ከዚያ ነው የጎማው ዳዶ የሚፈታው። ጎማው ለብቻው ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ቸርኬው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ላይ ማንም እጁን ከማሳረፉ በፊት ነፋሱ ጨርሶ መውጣት አለበት፤ ጎሚስታውንም እንኳ በዚህ ሲቆጡት ሰምቻለሁ።

ነፋስ የገባበትን የፍሬን ዘይት ያስወጡት ከእህቴ ጋር ነው። እሷ ጋቢና ውስጥ ፔዳል ላይ፣ እሳቸው መሬት ላይ። አንድ ቀጭን ላስቲክ ከሲሊንደሩ ማስተንፈሻ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ገብቷል። «ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ።» ጠርሙሱ ውስጥ አረፋው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ዘይቱ ጥርት ብሎ ሲወርድ እኔን ጠርተው አሳዩኝ። ከዚያ ሦስተኛውን እግር እኔ እንድሠራ ቁልፉን ሰጡኝ። ይህን ያደረገልኝ መካኒክ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ወደ ደሴ ስንመለስ አብረውኝ ተቀመጡ። ዳገቱ መሃል ላይ እንደ ልማዷ ጉልበቷ ወደቀ። ጋዝ ብሰጣትም አልቀበል አለች። ጋሼ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ሰሟት። «ናፍጣ ትፈልጋለች፣ ነፋስ ነው የምትጠጣው» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ገራዶ መጡ። የያዙት አንድ የመሣሪያ ቦርሳና ግማሽ ሜትር የማትሞላ፣ ውስጧ የሚታይ ላስቲክ ነው። ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ታንኩ) ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይ አስገቧትና አስነሳኋት። እኛ ሁላችንም ተንበርክከን አየን። ናፍጣው ውስጥ ትንንሽ አረፋዎች፣ እንደ ለስላሳ መጠጥ፣ ተከታትለው ይሮጣሉ። «ይኸው፣ ፓምፑ ምን አጠፋ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰልባትዮ እስከ ፓምፕ ያለው መስመር የሚሳብ መስመር ነው። እዚያ ላይ ቱቦ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፣ ነፋስ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ለዚያ ነው ማንም ያላየው። ሌሊት ናፍጣው ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል፣ ጠዋት አልነሳም ትላለች። ዳገት ላይ ብዙ ናፍጣ ስትፈልግ ደግሞ ነፋሱ ይበዛል፣ ጉልበት ይወድቃል። የተሰነጠቀው ቱቦ ከማሰሪያው ሥር፣ በማይታየው በኩል ነበር። እሱንና ሁለት የመዳብ ሮንዴላ ቀየርን። በእጅ ፓምፑ ናፍጣውን ስበን አስነሳናት። አረፋ የለም። 140 ሺህ ብር ከተባለልን ሥራ ግማሹ ይህ ነበር።

ሌላው ግማሽ ነጩ ጭስና የሚጎድለው የራዲያተር ውሃ ነው። እዚህ ላይ ኦራሏ ራሷ ጥሩ ሠርታልናለች። ሞተሯ የካማዝ ነው፣ 8 ሲሊንደር ናፍጣ፣ 210 የፈረስ ጉልበት። ይህ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ (ከላይ የሚከድነው ክዳን) አለው። 8 ሲሊንደር፣ 8 ቴስታታ። ስለዚህ የአንዱ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቢበላ አንዱን ብቻ ማንሳት ይቻላል። ጋሼ ጥፋተኛውን ፈልገው አገኙት፣ አንዱን ብቻ አነሱ። ሲመልሱት ብሎኖቹን በአንዴ አላጠበቁም፤ በሦስት ዙር፣ ጥቂት በጥቂት፣ በመለኪያ ቁልፍ ነው። ሞተሩ አልወረደም።

ባትሪውንም በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ስለሆነ። ኦራል 24 ቮልት ናት፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተያይዘው። ሬዲዮአችን ከአንዱ ባትሪ ብቻ ነበር የተወሰደው። አንዱ ሲደክም ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ሬዲዮ ከፈለጋችሁ 24ቱን ወደ 12 የሚቀንስ ዕቃ ግዙ።

ጋሼ እነዚህን መኪናዎች ያወቋቸው በደርግ ጊዜ፣ በጦሩ ጥገና ክፍል ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሩሲያ ጽሁፍ ያነባሉ። «ማስሎ ዘይት ነው፣ ቮዳ ውሃ» እያሉ ለእህቴ አስቆጠሯት። አባቴ ዓመቱን ሁሉ ያንን ጽሁፍ በመርፌው ቦታ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እናቴ ይህን ስትሰማ ቡናውን አቁማ መጥታ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

እህቴ የነገሩንን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፋለች። ማታ ማታ የነፋስ ታንኮቹን ውሃ ማውጣት፤ ውሃ ከተኛ ቫልቮቹን ዝገት ይበላቸዋል። የናፍጣ ፊልትሮውን አተላ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ማፍሰስ። ለሻፍቶቹ መስቀለኛ ግራሶ መስጠት፣ በተለይ ወንዝ ከተሻገረች በኋላ። ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ክፍተቱ የሚያስገባው ቫልቭ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ የሚያስወጣው ከ0.35 እስከ 0.40። ክፍተቱን የምትለካውን ስስ ብረት በመሃሉ ሳብ አድርገው «እንዲህ ያዝ ያድርግሽ እንጂ አይንከስሽ» ብለው እጇን ይዘው አሳዩአት። ባለፈው እሑድ ሁለታችን ብቻችንን 16ቱንም ቫልቭ አስተካከልን። ደውለን ነገርናቸው። «አብሽሩ» ብለው ሳቁ።

ለፍሬኑ፣ ለናፍጣውና ለቴስታታው በጠቅላላ የተቀበሉኝ 22 ሺህ ብር ነው። ዕቃውን ራሴ ገዛሁ፤ የትኛውን እንደምገዛ አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልለው ሰጥተውኝ። ልጨምርላቸው ስል ተቆጡ።

ልትጠሯቸው የምትፈልጉ ሰዎች ይህን እወቁ። የሚሠሩት ኦራል፣ ዚልና አሮጌ ካማዝ ነው። ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ግን አርብ በጁምዓ ምክንያት ሥራ የለም። አይቸኩሉም፤ ለነገ የምትፈልጓት መኪና ካለች ሌላ ሰው ፈልጉ። ራሳችሁ አጠገባቸው ካልቆማችሁም ደስ አይላቸውም፤ ባለቤቱ እንዲያይ ይፈልጋሉ። የኦራል የፍሬን ሲሊንደር ጎሚኒ ትርፍ ያለው ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ለእሳቸው በጣም ያስፈልጋቸዋል፣ እንደ ልብ አይገኝም።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያሳይዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልን። ሐሙስ ሐረጎን ወርጄ ወጣሁ፣ 40 ኩንታል ጭኜ። ዛሬ ጠዋትም የኋላ ግራ እግሩን በባትሪ አይቼዋለሁ፣ ደረቅ ነው። እናቴ ቅዳሜ ቡና እንዲጠጡ ትጠብቅዎታለች።