የዛፍ ሙጫ የነካው ጥቁር መኪና፦ ለማስለቀቅና ለማድመቅ የትኛውን እንግዛ?

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ጥቁር መኪና የብዙ ሐበሻ እንጀራ ነው። ኡበር ብላክ (የኡበር ቅንጡ አገልግሎት) የሚሠራ ሰው መኪናው ከውጭ ጥቁር መሆን አለበት። ጥቁር ቀለም ደግሞ ምንም አይደብቅም። ነጭ መኪና ላይ ልብ የማይባል የሙጫ ጠብታ ጥቁር ኮፈን ላይ ከሩቅ ይታያል። ፀሐይ ላይ ሲቆምም ከነጭ ይበልጥ ስለሚግል ሙጫው ቶሎ ደርቆ ይጠነክራል።

መጀመሪያ የወረደባችሁን ለዩ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ከጥድ ዓይነት ዛፎች ወፍራም፣ ቢጫማ ሙጫ ይወርዳል። ዋናው ጠላት ይህ ነው። በሰመር ግን ሜፕል ወይም ቱሊፕ ፖፕላር የሚባሉት ዛፎች ሥር ያደረ መኪና በጥቃቅን የሚያጣብቁ ነጠብጣቦች ተሸፍኖ ይገኛል። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥጡ ትንንሽ ነፍሳት የሚያወጡት ስኳርማ ነገር ነው፤ ውሃ ያሟሟዋል። በሞቀ ውሃና በመኪና ሻምፖ የራሰ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፉበት። ከለቀቀ ምንም አትግዙ።

አልኮል ወይስ ታር (ሬንጅ) ማስለቀቂያ?

ለደረቀ የጥድ ሙጫ የእኔ ምርጫ ከፋርማሲ የሚገዛው 91 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። 70 ፐርሰንቱም ይሠራል፣ ግን ከጠርሙሱ ሲሶ ያህሉ ውሃ ነው፤ የጥድ ሙጫ ደግሞ በውሃ አይሟሟም። አልኮል ሌላም ጥቅም አለው፤ ተንኖ ይጠፋል፣ ቅባት አይተውም። ጉዳቱ ዋክሱንም (ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም) አብሮ ማንሳቱ ነው። ስለዚህ የነካችሁትን ቦታ እንደገና ዋክስ መቀባት ግድ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። መኪናውን አጥባችሁ ጥላ ውስጥ አቁሙት፣ ብረቱ ይቀዝቅዝ። ማይክሮፋይበር ፎጣ በአልኮል አርሳችሁ ጠብታው ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል ያዙት። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። ካልለቀቀ ድገሙት እንጂ አትፈግፍጉ። የተፈገፈገ ደረቅ ሙጫ ራሱ ቀለሙን ይጭራል፣ ጥቁር ላይ ያ ጭረት በፖሊሽ (ሽፋኑን በስሱ ፍቆ በሚያለሰልስ ቅባት) ካልሆነ አይጠፋም። መኪናው በቅርቡ ቀለም ከተቀባ ግን የቀባውን ባለሙያ ሳትጠይቁ አልኮል አታስነኩት።

እንደ ተርትል ዋክስ ያሉ ኩባንያዎች የሚሸጡት የነፍሳትና የታር ማስለቀቂያ ቶሎ ስለማይተን ለትኩስ ሙጫ ጎበዝ ነው። በሰመር ሃይዌይ ላይ የሚውል ሾፌር መከላከያው ላይ የሚለጠፉትን ነፍሳትና የአስፋልት ሬንጅ ያነሳበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መግዛቱ ያዋጣል። ሳምንታት ያስቆጠረ ሙጫ ላይ ግን ከአልኮሉ ይዘገያል፣ ቅባት ስለሚተውም በሳሙና መታጠብ አለበት። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለው የዝገት ማላቀቂያና የምግብ ዘይትም ሙጫ ያለሰልሳሉ። ቤት ካለ ተጠቀሙበት፣ ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙ።

አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና ቲነር ከዝርዝሩ ይውጡ። ክሊር የሚባለውን የላይኛውን ግልጽ ሽፋን ሊያለሰልሱና ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ምላጭም ለመስታወት ብቻ ነው።

ክሌይ የሚባለው እንደ ሊጥ የሚለመጠጥ ማጽጃ ሌላ ሥራ አለው። ወፍራም ጠብታ ላይ ከተጠቀማችሁበት ሙጫውን ይበትነዋል። ሙጫው ከለቀቀ በኋላ በእጅ ሲዳሰስ የሚሻክረውን ቅሪት ለማንሳት ግን ወደር የለውም። ሁልጊዜ በማለስለሻ ፈሳሽ ይሠራበት። መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ የያዘው አሸዋ ቀለሙን ይሞነጭረዋል።

ድምቀቱን የሚመልሰው የቱ ነው?

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሙጫው ለቆ የቀረውን ክብ ጥላ ያየ ሰው ዋክስ ይገዛል። ዋክስ ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጥላው ተመልሶ ይወጣል። ያንን የሚያጠፋው በጣም በስሱ የሚፍቀው ፖሊሽ ነው።

ኮምፓውንድ ከፖሊሽ ይበልጥ ይፍቃል። ጥልቅ ምልክት ሲያነሳ ጥቁር ቀለም ላይ ጭጋግ ሊተው ይችላል፣ ያንን ጭጋግ ለማጥፋት ደግሞ ፖሊሽ መከተል አለበት። ስለዚህ አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ፖሊሹን ግዙ። የሜጓየርስ አልቲሜት ኮምፓውንድና አልቲሜት ፖሊሽ በየመለዋወጫ መደብሩ አሉ፣ በእጅም በማሽንም ይሠራባቸዋል። ክሊሩ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል፤ አብዛኛውን ጊዜ 50 ማይክሮን እንኳ አይሞላም። በፋቃችሁ ቁጥር ይሳሳል። ሁልጊዜ ከለዘብተኛው ጀምሩ፣ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩ፣ በቂ ከሆነ እዚያው አቁሙ። ለጥቂት ክብ ምልክት እጅ ይበቃል። መላው ኮፈን ከደበዘዘ እየተወዛወዘ የሚሽከረከረው ማሽን ያስፈልጋል። ዝም ብሎ በፍጥነት የሚሽከረከረውን ለባለሙያ ተዉት፣ ባልለመደ እጅ ቀለም ያቃጥላል።

ከዚያ ቀለሙን የሚጠብቀው ሽፋን ይመጣል። ካርናውባ ዋክስ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣ ሰም ነው። ጥቁር ላይ የሚሰጠው ጥልቅ ድምቀት በጣም ያምራል፣ ግን ከሳምንታት እስከ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ይቆያል። ሴራሚክ የሚባለው የሚረጭ ሽፋን ውበቱ ትንሽ ቢያንስም ለወራት ይቆያል፣ ለመቀባትም ይቀላል። ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውል ሾፌር እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ባለሙያ የሚቀባው ሴራሚክ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ዋጋው ግን ከብዙ መቶ ዶላር ተነስቶ ከሺህ ያልፋል። ሙጫ አያስቀርም፤ ለማስለቀቅ ያቀልላል እንጂ። በየሌሊቱ ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ላይ ያንን ያህል ከማውጣታችሁ በፊት የመኪና ልብስ ወይም ሌላ ማቆሚያ ፈልጉ። በብሩሽ የሚያጥበውን አውቶማቲክ እጥበትም ተዉት፣ ፖሊሹ ያጠፋውን ጭረት ይመልሰዋል።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አንዳንድ ላቫጆ በቤንዚን ልጥረገው ካላችሁ እምቢ በሉ፤ ለቀለሙም ለሠራተኛውም አደገኛ ነው። ፋርማሲ የምታገኙት አልኮል 70 ፐርሰንት ከሆነ ችግር የለም፤ ፎጣውን ረዘም አድርጋችሁ ያዙት፣ እየደጋገማችሁም አርሱት።