አሮጌው አይ.ቢ.ኤም. ፒያሳ ላይ ነፍስ ዘራ

ጎንደር ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለችውን ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ላመስግን። የወሰድኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ የዋለውን አይ.ቢ.ኤም. ኤክስ.ቲ. ኮምፒውተር ነው፤ መሥሪያ ቤታችን በጨረታ ሲያስወግድ የገዛሁት። ሌላ ቦታ «ጋሼ፣ ለቁራሌው ይስጡት» ተብዬ ነበር።

እዚህ ያለው ወጣት ግን አልሳቀም። ክዳኑን ፈትቶ አቧራውን በብሩሽ ጠረገና ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ አተር የምታህል ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ፣ ለካ። ታንታለም ከሚባል ብረት የተሠራች ናት፤ ስታረጅ ሾርት ታደርጋለች፣ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይም ራሱን ለማዳን ይዘጋል። እርሷን ብቻ ነቅሎ ተካ።

ሲበራ ማራገቢያው አጓራ፣ የሜሞሪው ቁጥር በስክሪኑ ጥግ እየጨመረ ሄደ፣ አንዴ ጢጥ አለ። 10 ሜጋባይቱ ዲስክ ዛሬ ጥቂት ፎቶግራፎች ቢይዝ ነው፤ ያኔ ግን የቢሮው መዝገብ ሁሉ እዚያ ነበር። ዶስ፣ ማሽኑን የሚመራው ፕሮግራም፣ ቀን ጠየቀኝ። ኤክስ.ቲ. ሲወጣ ባትሪ ያለው ሰዓት ስላልነበረው ካልነገሩት እ.ኤ.አ. 1980 ላይ ነው የሚቆመው። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን እውነቱን ነው፤ ዎርድስታር የሚባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም የተማርኩት በዚያው ዓመት ነው፣ አማርኛ ስለማይጽፍ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ብቻ እየመታሁ።

ቅሬታ አለኝ፦ ስልክ አያነሱም፣ «ነገ» ያሉትም ሳምንት ፈጀ። ዋጋቸው ግን አይጎዳም፤ የነቀሉትን ዕቃም በላስቲክ ጠቅልለው ይመልሳሉ። ጠዋት ተማሪዎች ላፕቶፕ ይዘው ስለሚሰለፉ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።