ቱሉ ዲምቱ ያለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፦ ተከራይ ከሆናችሁ ሂዱ

ስለ አንዲት ትንሽ ቤት ልጽፍላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንድ ብሎክ ሥር፣ በአትክልት ቤትና በፀጉር ቤት መሃል ናት። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል፣ በቃ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በፊቷ ሳልፍ ኖሬ ባለፈው ሰኔ ነው የገባሁት።

ያስገባኝ አከራዬ ነው። ለስቱዲዮ 7,000 ብር እከፍል ነበር። አንድ ማታ ደወለና «ከሚመጣው ወር ጀምሮ 11,000፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈልገዋል» አለኝ። የጽሑፍ ውል የለንም። የደላላው፣ የጭነት መኪናው፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝና ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። ጎረቤቴ «ጋሼ ጋ ሂጂ» አለችኝ።

ጋሼ የቤቷ ባለቤት ናቸው። ሰባን አልፈዋል። በ1960ዎቹ በተማሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ በሱዳን በኩል ተሰደው በርሊን ረጅም ዘመን ኖረዋል። እዚያም ሥራቸው ተከራይ ማደራጀት ነበር። ግራ ዘመም ነኝ ብለው በግልጽ ይናገራሉ፣ አይሸፋፍኑም።

ነገሬን እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። «በባንክ ነው የምትከፍዪው?» አሉኝ፤ አዎ አልኩ። የሁለቱን ዓመት ደረሰኝ ከስልኬ አውጥተው አተሙት። ቀጥለው የኪራይ አዋጁን፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ አወጡና እየጠቆሙ አነበቡልኝ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ አይችልም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ያውም መንግሥት በሚያሳውቀው ልክ ነው። አዋጁ እንዳለ በወሬ ሰምቼ ነበር። ወረቀቱን ግን በእጄ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው።

ማመልከቻውን ይጽፉልኛል ብዬ ስጠብቅ «ብሎካችሁ ውስጥ ስንት ተከራይ አለ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ቆጥረሽ ነይ ልጄ» አሉኝ።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ቸኩያለሁ፣ እሳቸው ቆጠራ ይላሉ። ግን ማታ በየደረጃው እየወጣሁ አንኳኳሁ። ከ30 ቤት 19ኙ ተከራይ ነው! አምስቱ ደግሞ በዚያው ሳምንት እንደኔው ተደውሎላቸዋል፣ እያንዳንዳቸውም ብቻቸውን የሚፈናቀሉ መስሏቸው ዕቃ መጠቅለል ጀምረዋል። ስድስታችን አንድ ላይ ሆነን ወረዳ ሄድን። ሁለት ሦስቴ ተመላልሰናል። በመጨረሻ የእኔ አከራይም መጥቶ ፈረመ፣ ውሉ ተመዘገበ፣ ኪራዩ በ7,000 ቀጠለ። ከስድስታችን አንዷ ግን አልቀናትም፣ ወደ ገላን ሄዳለች።

ዋጋ ለምትጠይቁ፦ ፎቶ ኮፒ በገጽ 5 ብር፣ ማመልከቻ 100፣ ውል 150። ሌላ ቦታ ለውል ብቻ 500 ተጠይቄ አውቃለሁ። የሌለው ሰው ሲመጣ ጋሼ አያስከፍሉም፣ ሲያስከፍሉም ስታነቡትና ስትረዱት ካላዩ ወረቀቱን አይሰጧችሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ይጠፋና ወንበሮች ይወጣሉ፤ ቡና ይፈላል። ይኼ ለእኔ የቤቷ ትልቁ ነገር ነው። ጋሼ የሌላ አገር ተከራዮችን ታሪክ እንደ ዘመድ ወሬ ነው የሚያወሩት። በ1915 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ላይ ወንዶቹ ጦርነት ሄደው አከራዮች ኪራይ ሲጨምሩ፣ ሜሪ ባርበርና ጎረቤቶቿ አንከፍልም አሉ። አስወጪው ሲመጣ ደወል ይደወላል፣ ሴቶቹ በሙሉ ይወጣሉ። መንግሥት በዚያው ዓመት ኪራዩን ከጦርነቱ በፊት ወደነበረበት የሚመልስ ሕግ አወጣ። የበርሊኑን ደግሞ ራሳቸው ነበሩበት፦ በ2021 ከ3,000 ቤት በላይ የያዙ ኩባንያዎች ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዙሩ ወይ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ፣ 59 በመቶ ያህሉ አዎ አለ። እስካሁን አልተፈጸመም። የጀርመን ዜግነት የሌለው ተከራይ ድምፅ መስጠት አልቻለም ነበር፤ እሱን ሲያነሱ አሁንም ይከፋቸዋል። አባህላሊ ስለሚባለው የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን የጎጆ ነዋሪዎች ንቅናቄ ሲያወሩም ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል።

የግላስጎውን ደወል ሰምተው የእኛ ብሎክ ሴቶች አንድ ነገር ወሰኑ፦ ማንም በጉልበት ሊያስወጣ ከመጣ ሙቀጫ ይወቀጣል፣ ሁሉም ይወጣል። አንዴ ተወቅጧል። ዕቃዋን በረንዳ ላይ ሊያወጡባት የነበረች እናት ዛሬም እዚያው ናት። ፎቶውን ጋሼ ለበርሊን ጓደኞቻቸው ልከው በማግስቱ የሰላምታ መልእክት መጣ፤ ተርጉመው ሲያነቡልን ያቺ እናት አለቀሰች።

የማልስማማባቸው ነገርም አለ። ጋሼ ለሐምሌ 19፣ 1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ልባቸው ይሳሳል። የድሃው ኪራይ ቀነሰ ይላሉ፣ ልክ ነው። ግን የእኔ አያት ጉልት ቸርችራ የሠራቻትን አንዲት ሰርቪስ በዚያ አዋጅ አጥታለች፣ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ሁሉ ወደ ቀበሌ ሲዞር። ይህን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «የሷንም መጻፍ ነበረብን» አሉ።

ጉድለቷ? ፕሪንተሩ አርጅቷል፣ ጥቁር መስመር ያወጣል። መብራት ከጠፋ ሥራ የለም፣ ጄኔሬተር የላቸውም። ወረፋው ይረዝማል፣ የምትተይበው ልጅ አንድ ናት፤ ስማችሁን ሳትፈርሙ በፊት አንብቡት፣ የእኔን ሁለቴ ተሳስታለች።

ሰኞ ጠዋት ይቀላል። መታወቂያና የባንክ ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ። ብሎካችሁንም ቀድማችሁ ቁጠሩ፣ አለበለዚያ መልሰው ይልኳችኋል።